ከላይ ጀምር

ሒሳብ ያስተማርኩት የመጀመሪያው ሰው ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ናቸው። ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል፤ እኔም እያሳቅኩ ብዙ ጊዜ አውርቼዋለሁ። ወሬውን የማቋርጠው ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የሚስቀው ሰው ሳቁን ሳይጨርስ ሌላ ጨዋታ አነሣለሁ። የተረፈውን ለባለቤቴ እንኳ ሳልነግራት ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ።

ያደግኩት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። የኔታ ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበሩ፤ ጋይንት ተሻግረው፣ ቤተ ልሔም ድጓ አስመስክረው የተመለሱ፣ በደብራችን ማኅሌት ሲቆሙ ድምፃቸው ከሁሉ የሚለይ። ከማኅሌት መልስ የሰፈሩን ልጆች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሰብስበው ያስተምሩን ነበር። ዳዊት ስደግም አንዲት ቃል የገደፍኩ እንደሆነ «ከላይ!» ይላሉ። ከላይ ማለት ከመዝሙሩ መጀመሪያ ማለት ነው። መጨረሻው መስመር ላይ ብትሰናከልም ከአንደኛው ትጀምራለህ። ሦስተኛው «ከላይ!» ላይ አለንጋው ይነሣል። ያልያዝከውን ዘለህ የያዝከውን ብትል የያዝከውም አይቆጠርልህም፤ ጎዶሎ ትቶ ወደፊት መሄድ የሚባል ነገር በሳቸው ዘንድ አልነበረም። በመምህሮቻቸውም ዘንድ አልነበረም፤ እሳቸውም ያደጉበት ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ያንን አለንጋ አልረሳሁትም ነበር። እግሬን እንደሚያሳክከኝ ቁስል አልፎ አልፎ እየነካካሁ ይዤው አደግኩ።

አባቴ አስኳላ አስገቡኝ፤ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ። የኔታም፣ እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አስኳላ ገብተው ነበር። አገሩ ሁሉ ተነጋገረበት። «ድጓ የጨረሰ ሰው ከሕፃናት ጋር ኤ ቢ ሲ ሊል!» ያለ ነበር። እሳቸው ግን ጢማቸውን ተላጭተው ከሕፃናት ጋር ኤ ቢ ሲ አሉ፤ ሁለት ሁለት ክፍል እየዘለሉ፣ ደብል እየመቱ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ደረሱብኝ። አንድ ማለዳ ወደ ክፍል ስገባ ከኋለኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ሳላስበው እጄ ጋቢዬን አስተካከለ። እሳቸው ሳቁና «ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ፤ አሁን አልመታህም» አሉኝ።

ክፍሉ ሁሉ «የኔታ» ይላቸው ጀመር፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ በቀልድ። ህንዳዊው የሒሳብ መምህራችን ደግሞ ስማቸው መስሎት «ሚስተር የኔታ» ይላቸው ነበር። አንድ ቤት ተከራይተን አብረን መኖር ጀመርን። እናቴ የላከችውን በሶና ሚስታቸው የላኩትን ቆሎ ባንድ አኩፋዳ አስቀምጠን አብረን እንበላ ነበር።

የኔታ ሒሳብ ይወዱ ነበር። ይህን ማንም አያምነኝም፤ ግን ከድጓ ቀጥሎ የወደዱት ነገር ሒሳብ ነው። «ምልክት አለው፤ እንደ ዜማ ነው። ምልክቱን ካወቅህ ያልተማርከውን ታዜማለህ» ይሉ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ እኩልታ መፍቻውን ቀመር፣ «ማይነስ ቢ፣ ፕላስ ኦር ማይነስ» የሚለውን፣ እዝል አውጥተውለት እየተወዛወዙ ያዜሙት ነበር። ምኞታቸው የሒሳብ አስተማሪ መሆን ነው። ግን ቀስ ይላሉ። አንዲት ጥያቄ ከያዙ ሥሯን ሳያዩ አይለቋትም። እኔ ደግሞ ፈጣን ነኝ፤ ገብቶኝ ሳይሆን በቃሌ ይዤ። በዚያ ላይ ፈጣን በመሆኔ የማይቻል ኩራት ነበረብኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንገባ ጊዜያቸው የተቆረጠ ነበር። በደብሩ ቦታቸውን የያዘላቸው ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ ማኅሌት የሚቆመውም፣ የአገልግሎቱን መሬት የሚያርሰውም እሱ። የደብሩ አለቃ ቁርጡን ነግረዋቸዋል። እስከ ዘንድሮ ይታገሣሉ። ማትሪክ ያለፉ እንደሆነ መልካም፤ ካላለፉ ተመልሰው መቋሚያቸውን ይይዛሉ፣ ከዚያ ወዲያ አስኳላ ብሎ ነገር የለም። አንድ ፈተና፣ አንድ ጊዜ። ይህን አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ህንዳዊው መምህራችን ክፍል ገብቶ ጠመኔውን አስቀመጠና የዘንድሮው ማትሪክ እንዳለፈው አይደለም አለን። እስከዚያ ድረስ የሒሳብ ፈተና ማለት ጥቂት ረዣዥም ጥያቄ ነበር። ሥራውን ከነመንገዱ ትጽፋለህ፤ መልሱን ብትስት እንኳ ለመንገድህ ማርክ ይሰጡሃል። አሁን ግን ጥያቄው ብዙና አጫጭር ነው፤ እያንዳንዱ ከሥሩ አራት መልስ ተጽፎለታል፤ ያንተ ሥራ አንዱን ማክበብ ነው። መንገድህን የሚያይልህ የለም። አምስት ገጽ ናሙና በስቴንስል አባዝቶ አደለን።

ወደ ቤት ስንመለስ የኔታ ወረቀቱን እያገላበጡ፣ «መልሱን ጽፈው ከሰጡን ምኑን ነው የሚፈትኑን?» አሉኝ።

«አራት ይጽፋሉ የኔታ፤ እውነቱ አንዱ ብቻ ነው።»

«ሦስቱስ?»

«ሦስቱ ስሕተት ናቸው።»

መንገዱ መሐል ላይ ቆሙ። «አውቀው? እያወቁ ሐሰት ይጽፋሉ? ያውም አትመው?»

ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። እሳቸው ባደጉበት ትምህርት የተሳሳተች ቃል ከብራናው ላይ በምላጭ ተፍቃ ትወጣለች፤ እሷን ያየ ሰው ሌላውን ያሳስታልና። ሦስት ሐሰት ከአንድ እውነት ጋር ደርድሮ ለተማሪ መስጠት እንደ ምን ያለ ነገር እንደሆነ ሊገባቸው አልቻለም። «ጉድ ነው» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ «እንግዲያ ይኸን አንተ ታስጠናኛለህ» አሉኝ።

ትምህርት ቤቱ ለፋሲካ ሲዘጋ ወደ እስቴ ወረድን። እስከ ሆሣዕና ሁለት ሳምንት ነበረን። ያባቴ አውድማ ገብሱ ተወቅቶ ባዶውን ነበር፤ በእበት የተለቀለቀ፣ የደረቀ፣ እንደ ሰሌዳ የተስተካከለ። ከወንዙ ነጭ አፈር አመጣሁና በጓሉ ጥያቄዎቹን አውድማው ላይ ጻፍኳቸው። የኔታ በትር ይዘው ይቆማሉ፣ እኔ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። በዚያን ጊዜ ሰው አይቶን ከሆነ የሚያስቅ ነገር ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ደብተራ ቆሞ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላኝ እኔ ተቀምጬ።

የማስጠናበትን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ህንዳዊው አላለም፤ ወረቀቱም ላይ አልነበረም። መጀመሪያ መንገዱን እስከ መጨረሻ ይሠራሉ፤ ከዚያ ብቻ ከአራቱ መልሱን ይፈልጋሉ። ያልጨረሷትን ጥያቄ ትተው ወደሚቀጥለው አይሻገሩም። መሐል ላይ የተሳሳቱ እንደሆነ ከላይ ይጀምራሉ።

«ከላይ» ያልኩበት ቀን ደንግጠው ነበር። ከዚያ ግን ፈገግ አሉና «እውነትህን ነው» አሉኝ። አንድም ቀን «ይኸ ያንተ ደንብ ከየት መጣ?» ብለው አልጠየቁኝም። በሳቸው አገር የመምህር ቃል አይጠየቅም። እኔን መምህር ካደረጉኝ ደንቤም የመምህር ደንብ ነው። መጀመሪያ ሰሞን «ከላይ ይጀምሩ፣ የኔታ» እል ነበር። በሳምንቱ «ከላይ፣ የኔታ» ሆነ። ወደ ሆሣዕናው ሲቃረብ «ከላይ!» ብቻ ቀረ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አንዲት የክብና የማዕዘን ጥያቄ አስቸገረቻቸው። ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀመስም። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፤ ጥላው ወደ አጥሩ ሄደ። ሦስት ጊዜ መሐል ላይ ተሳሳቱ፣ ሦስት ጊዜ «ከላይ!» አልኳቸው። በአራተኛው ሚስታቸው በሶና ጠላ ይዘው በአውድማው በር ገቡ። ወጣት ሴት ናቸው፤ በልጅነቴ ሠርጋቸው ላይ በልቻለሁ። ባላቸው በትር ይዘው ቆመው ከንፈራቸው ደርቆ ያነበንባሉ። መጨረሻው ላይ ሊደርሱ አንድ ቁጥር ሳቱ። መብላት ይችሉ ነበር። ሴትዮይቱ ቆመው እየጠበቁ ነበር። እኔ ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ከላይ!» አልኩ።

ሚስታቸው አልሳቁም። ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀመጡና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ አጥሩ ዞሩ። የኔታ በክንዳቸው ግንባራቸውን ጠረጉና ከላይ ጀመሩ። ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ አውቀዋለሁ፤ አሁን ስጽፈውም ጆሮዬ ይግላል። ደስ ብሎኝ ነበር። ልቤ ጠግቦ ነበር።

በሰሙነ ሕማማት የኔታ ቤተ ክርስቲያን ዋሉ። ወንድማቸው ድምፁ ተዘግቶ ስለነበር እስከ ዳግማይ ትንሣኤ እንዲቆሙ አለቃው ለመኗቸው። እኔ ፋሲካን ውዬ ብቻዬን ወደ ደብረ ታቦር ተመለስኩ።

በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን ህንዳዊው መምህራችን በአዲሱ ዓይነት የመለማመጃ ፈተና ሰጠን፤ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ። ከአንድ ጀመርኩ። ስድስተኛዋ አስቸገረችኝ፤ ታገልኳት። አሥራ አራተኛዋም እንዲሁ። ወረቀቱን አምጡ ሲል ግማሹን አልደረስኩም ነበር። ማርኩ ሲመለስ በቀይ የተጻፈው ቁጥር በሕይወቴ አግኝቼው የማላውቀው ነበር። መምህሩ ለብቻዬ ጠራኝ።

«አንተ ቁጭ ብለህ ከአንዲት ጥያቄ ጋር ትጣላለህ» አለኝ። «ይሄ ፈተና እንደዚያ አይሠራም። የከበደችህን ምልክት አድርግባትና ዝለላት። የቀለሉህን ሁሉ እስከ መጨረሻው ልቀም። ከዚያ ጊዜ ከተረፈህ ተመለስ። ለከባዷም ለቀላሏም የሚሰጡህ ማርክ እኩል ነው።» ቀጠለና፣ «ለሚስተር የኔታ ንገረው። እሱ ከኔ ይልቅ የሚሰማው አንተን ነው» አለኝ።

«እሺ፣ ሰር» አልኩ።

ናሙናውን አውጥቼ እየዘለልኩ ሠራሁት። እንዴት ቀላል እንደነበር! ወዲያው ገባኝ፤ ስለ ራሴ ዳንኩ። የኔታን ያስጠናሁበት ደንብ ከላይ እስከ ታች ስሕተት እንደሆነም ያኔውኑ ገባኝ። ሳስጠናቸው የነበረው ሒሳብ አልነበረም፤ አለንጋቸውን ነው የመለስኩላቸው።

ዳግማይ ትንሣኤ አልፎ የኔታ መጡ። ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ሲጓዙ ውለው፣ ድምፃቸው በዝማሬ ሻክሮ፣ እናቴ የሰጠቻቸውን ስንቅ በትከሻቸው አድርገው። ቁጭ ሳይሉ፣ «ህንዱ ምን አለ፣ እኔ ሳልኖር?» አሉኝ።

ሰው ስለነበረ አፈርኩ እንዳልል ማንም አልነበረም። ሁለታችን ብቻ ነን። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ለመንገር ግን መጀመሪያ ማርኬን መናገር ነበረብኝ። ከዚያ ደንቡን ማን እንዳወጣው። ከዚያም ሚስታቸው ቆመው ያ ሁሉ «ከላይ!» ለምን እንደነበረ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

«አዲስ ነገር የለም» አልኩ። «የለመድነው ነው።»

«ተመስገን» አሉና ስንቁን ፈቱ። ማርኬ ያለበትን ወረቀት በበነጋታው ጧት እሳት አቀጣጠልኩበት።

ትምህርት ቤቱ ከዚያ ወዲያ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ለጥናት ስለለቀቀ የኔታ ከህንዳዊው ጋር ክፍል አልተገናኙም። እኔን ግን አንድ ቀን ገበያ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ነገርከው?» ሲል ጠየቀኝ። «አዎ፣ ሰር» አልኩት። በነዚያ ሳምንታት ስንት ጊዜ ልነግራቸው ተነሣሁ! በየቀኑ ነገ እላለሁ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ራሳቸው ያዩታል፣ ፈተናው ውስጥ ሰዓቱ ሲገፋቸው ይዘላሉ፣ ማን ይከለክላቸዋል፤ እንዲህ እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ሳይዘሉ እንደሚቀሩ ግን አሳምሬ አውቅ ነበር። ዘሎ ማለፍ እንደሌለ ያስተማሩኝ እሳቸው አይደሉም?

የፈተናው ቀን ከኔ ፊት፣ በሁለተኛው መስመር ተቀመጡ። ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ እርሳሳቸውን በሁለቱም ጫፍ ቀርጸው ነበር። ከመግባታችን በፊት ዞር ብለው፣ «የረሳነው ነገር አለ?» አሉኝ።

«የለም። ተረጋግተው ይሥሩ» አልኳቸው።

ፈተናው ተጀመረ። እኔ የከበደችኝን እየዘለልኩ ገጽ ገለጥኩ። በክፍሉ ሁሉ ገጽ ሲገለጥ ይሰማል። የኔታ ገጽ አይሰማም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሆኜ ቀና አልኩ፤ እሳቸው ከመጀመሪያው ገጽ አልተነሡም። ጭንቅላታቸው ትንሽ ትንሽ ይወዛወዛል፤ በልባቸው እያዜሙ ነው። ከዚያ እጃቸውን አነሡና መሞከሪያ ወረቀት እንዲጨመርላቸው ለመኑ። ፈታኙ ጨመረላቸው። እኔ እስከ መጨረሻ ደርሼ ወደ ዘለልኳቸው ስመለስ ጀርባቸውን እያየሁ ነበር። አንድ ቃል፣ አንዲት ጉርምርምታ ትበቃ ነበር። ፈተና ውስጥ መነጋገር ክልክል በመሆኑ ደስ አለኝ። አሁን እንደማስበው በዚያ ቀን ካደረግኩት ሁሉ የከፋው ያ ደስታ ነው።

ስንወጣ በር ላይ ጠበቁኝ። ፊታቸው ያበራ ነበር። «ስምንተኛዋን አየሃት? ክቧን? እምቢ ብላኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ከላይ ጀመርኩላት። አልለቀቅኳትም፣ ሠራኋት!»

«ከዚያስ ስንት ደረሱ?»

«አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ ደወለ። ያንተን ቃል ግን አልሻርኩም፤ ያልጨረስኳትን አላለፍኩም።» ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «አንተስ?» አሉ።

«ጨረስኩ» አልኩ።

«ሁሉን?»

«ሁሉን።»

ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ጎበዝ!» አሉኝ። ቅናት እንኳ አልነበረባቸውም።

ውጤቱ ሲመጣ ክረምቱ እየወጣ ነበር። አብረን ከእስቴ ወጥተን ሰሌዳው ላይ አየነው። እኔ አልፌያለሁ። እሳቸው ሌላውን ሁሉ አልፈው በሒሳብ ወድቀዋል። በሒሳብ ብቻ። የራሳቸውን ስም ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ ከዚያ የኔን በጣታቸው ፈልገው አገኙና «እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ። ህንዳዊውን ሊሰናበቱ ወደ ቤቱ ሲሄዱ «አንተም ግባ እንጂ» ቢሉኝ ደጅ እጠብቃለሁ አልኩ። ቆይተው ወጡ። አዩኝ፤ ሲያዩኝ ቆዩ። «እንሂድ» አሉ።

ወደ እስቴ ስንመለስ ብዙም አልተነጋገርንም። አንድ ወንዝ ላይ ውኃ ልንጠጣ ቁጭ ስንል እጃቸውን እየታጠቡ፣ ፊታቸውን ወደኔ ሳያዞሩ፣ «የምትነግረኝ ነገር አለ?» አሉኝ።

«ምን ነገር?» አልኩ።

«እንግዲያስ እንሂድ፣ ይመሽብናል» አሉ።

እኔ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። እሳቸው ጢማቸውን አሳድገው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ማኅሌት ቆሙ። ሁለት ክረምት አገሬ ስገባ ደብሩን በሩቅ እየዞርኩ፣ በታችኛው መንገድ እየተሹለኮለኩ ቤታችን እገባ ነበር። ሳገኛቸው ምን እላለሁ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ መሆን ነው። በሦስተኛው ክረምት እናቴ ተቆጣች። «ፊደል ያስቆጠሩህን ሰው ሳትሳለም ልትመለስ ነው? ምን በደሉህ?» አለችኝ። ምን በደሉህ ስትል ከቤት ወጣሁ።

የኔታ እንደ ድሮው ከአጥሩ ሥር ልጆች ይዘው ተቀምጠዋል። አለንጋው አጠገባቸው የለም። አንድ ልጅ ዳዊት እየደገመ ነበር፤ ደህና ሲወርድ ቆይቶ አንዲት ቃል ላይ ተሰናከለና ቆመ። ልጁ አንገቱን ሲሰብር እኔም አብሬው ሰበርኩ። «ከላይ!» የሚለውን ጠበቅኩ፤ የልጁ ጆሮ ሳይሆን የኔ ጆሮ ነበር የሚጠብቀው።

«እለፋት» አሉ የኔታ። «የያዝከውን እስከ ታች ጨርስ፤ ኋላ ትመለስባታለህ።»

በቤተ ልሔምም ሆነ በሌላ ጉባኤ ቤት እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ይህ የህንዳዊው መምህር ቃል ነው።

አዩኝና ልጆቹን አሰናበቱ። እጃቸውን ስስም ሳሙኝ፣ ጤናዬን፣ ትምህርቴን ጠየቁኝ፤ ድንጋይ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሌላ ወሬ ልጀምር ስል አልሆነልኝም። ነገርኳቸው። ስለ መለማመጃው ፈተና፣ ስለ ቀዩ ማርክ፣ ህንዳዊው ንገረው ስላለኝ፣ «አዲስ ነገር የለም» ስላልኳቸው፣ ስለ እሳቱ፣ ገበያ መንገድ ላይ ስለዋሸሁት። እያለቀስኩ ነበር የምናገረው። እሳቸው መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝ።

«አለቀ?» አሉ።

«አለቀ፣ የኔታ።»

«አውቀዋለሁ። ልሰናበተው የገባሁ ለት ህንዱ ነገረኝ። ‹ዝለል ብሎ አልነገረህም ወይ?› ቢለኝ ምን ልበለው፣ ‹ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁ› አልኩት።»

ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። «ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም? ወንዙ ላይስ ለምን ዝም አሉኝ?»

«እስክትለኝ ነዋ። ዛሬ አልከኝ፣ እሰየው።» መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ አዛወሩ። «አንዲት ግን ዘለልክ።»

«ምን ዘለልኩ?»

«አውድማው ላይ ያለችውን። ባለቤቴ በሶ ይዛ የመጣች ለት። እኔ እኮ ቆሜ ነበር፤ አንተ ተቀምጠህ ነበር። ፊትህን አየሁት።»

ያንን ማንም ያየ አልመሰለኝም ነበር። ለራሴም ቢሆን ብዙ ጊዜ ዘልዬው ነው የማስበው።

«ልጆቹን አሳልፋቸዋለሁ» አሉ የኔታ፤ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «ልጆች ናቸው። አንተን ግን አላሳልፍህም። በል፣ ከላይ ጀምር።»

ያኔ አጥሩን ተደግፌ፣ እንባዬን በጋቢዬ ጫፍ ጠርጌ፣ «አውድማው ላይ ‹ከላይ!› ስልዎ ደስ ብሎኝ ነበር፣ የኔታ» ብዬ ከላይ ጀመርኩ።